ጡሩምባ ነፊውን ገንዘብ ያዥ አታድርጉት፦ ለዩኒየናችን ቦርድ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ድሬዳዋ፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ለተከበራችሁ የዩኒየናችን የሥራ አመራር ቦርድ አባላት፣
ለአባል የቁጠባና ብድር ማኅበራት ሊቃነ መናብርትና ሥራ አስኪያጆች፣
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ የአባላት ጉዳይ ባለሙያ የሥራ መደብ መታጠፉን ይመለከታል

እኛ በድሬዳዋ የቁጠባና ብድር ማኅበራት የአባላት ጉዳይና የመስክ ሠራተኞች ከሁሉ አስቀድሞ አክብሮታችንን እንገልጻለን።

የዘንድሮው በጀት ሲጸድቅ ቦርዱ አንድ ውሳኔ አሳልፏል። «የአባላት ጉዳይ ባለሙያ» የሚባለው መደብ ታጥፎ «የደንበኞች አገልግሎትና ገንዘብ ሰብሳቢ» በሚል ተተክቷል። ከዚሁ ጋር ሦስት ነገሮች ተከትለው መጡ። ውላችን በየሦስት ወሩ የሚታደስ ሆነ፤ ከደመወዛችን ከፊሉ በአዲስ ምዝገባ ብዛት የሚታሰብ ሆነ፤ የመስክ ሠራተኛውም እንደ ቢሮ ሠራተኛ በቀን አራት ጊዜ በጣት አሻራ እንዲፈርም ታዘዘ። የውሳኔው ደብዳቤ አንድ ገጽ ተኩል ነው። «አባል» የሚለው ቃል በውስጡ ሁለት ጊዜ ብቻ ተጽፏል፤ ሁለቱም ጊዜ «አዲስ» ከሚለው ቃል ቀጥሎ።

የዩኒየናችንን ስም ሆን ብለን አልጠራንም። ቅሬታችን በውሳኔው ላይ እንጂ በሰው ላይ አይደለም። የሌላ ማኅበር ቦርድ ይህን አንብቦ የራሱን ደብዳቤ ቢያስታውስም ቅር አይለንም። በቃል አቤት ስንል «የበጀት ጉዳይ ነው» ተባልን። በጽሑፍ የመጣነውም ውሳኔው በጀቱን ራሱን እንደሚጎዳው ስለምናውቅ ነው።

አንደኛው ቅሬታችን የአባላት ጉዳይና ገንዘብ የመሰብሰብ ሥራዎች መደባለቃቸው ነው። ዕድርን ወይም አፎሻን የማያውቅ ድሬዳዋዊ የለም። በዕድር ጡሩምባ ነፊ አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ ገንዘብ ያዥ አለ። ፊደል ያልቆጠሩ አባቶቻችን ሳይቀሩ ሦስቱን ለአንድ ሰው አያሸክሙም። ሰው የሚጠራው፣ ብር የሚቀበለውና መዝገብ ላይ የሚያሰፍረው አንድ እጅ ከሆነ ስህተቱን የሚያይ ሁለተኛ ዓይን እንደማይኖር ያውቃሉ። በአዲሱ መደብ ግን አንድ ሠራተኛ ቀፊራ ገበያ ወርዶ ሰው ያሳምናል፣ ፎርም ይሞላል፣ መመዝገቢያውን፣ የዕጣ (የድርሻ) ክፍያውንና የመጀመሪያውን ቁጠባ በእጁ ይቀበላል፣ ደረሰኝ ይቆርጣል፤ ማታ ቢሮ ገብቶም ራሱ ሲስተም ላይ ያስገባል።

የምንፈራው ስርቆትን ብቻ አይደለም። በዚህ ከተማ መሐመድ አህመድ የሚባል ሰው ስንት ነው? በስምና በአባት ስም ብቻ የተከፈተ ደብተር የአንዱን ቁጠባ ለሌላው ያስገባል። ይህ ስህተት ሒሳብ ሲዘጋ አይታይም፤ ድምሩ ልክ ነውና። የሚታየው ደብተሩ አባሉ እጅ ላይ ሲገለጥ ነው። እስከ አምና በየሩብ ዓመቱ ከ20 ደብተሮች አንዱን እየመረጥን፣ ባለቤቱ ዘንድ ሄደን ሦስት ነገሮችን እናስተያይ ነበር፦ ደብተሩን፣ አባሉ ያስቀመጠውን ደረሰኝና የማኅበሩን የግል ሒሳብ መዝገብ። ሦስቱ ካልተስማሙ ጉዳዩ ለቁጥጥር ኮሚቴው በጽሑፍ ይቀርባል። አሁን ይህን የሚያስተያየው ገንዘቡን የተቀበለው ሰው ራሱ ነው። ተማሪ የራሱን ፈተና ያርማል እንደ ማለት ነው።

ውሳኔው ታማኙን ሠራተኛም ያጋልጠዋል። በአንዱ ማኅበር በገበያ ቀን የተሰበሰበ ገንዘብ ቢሮ ሲደርስ 1,200 ብር ጎደለ። ሠራተኛዋ ብቻዋን ተቀብላ፣ ብቻዋን ቆጥራ፣ ብቻዋን በባጃጅ ይዛው መጥታለች። ቆጥሮ የፈረመ ሁለተኛ ሰው ስላልነበረ የት እንደጎደለ ማወቅ አልተቻለም። በሁለት ወር ከደመወዟ ተቆረጠ። ባይቆረጥባት ኖሮ ደግሞ ስሟ በገበያው ይነሣ ነበር። ሁለት ሰው ቆጥሮ በአንድ ወረቀት ላይ ቢፈርም አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

ሁለተኛው ቅሬታችን የክፍያው መለኪያ ነው፤ ሰፋ አድርገን የምንጽፈውም በዚህ ላይ ነው።

ደንበኛ ሱቁን ሲጠላ ሱቅ ይቀይራል። አባል ግን የሱቁ ባለቤት ነው። በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት የያዘው ዕጣ ቢበዛም ቢያንስም ድምፁ አንድ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው በነፍስ ወከፍ እየተከፈለን ስንሰበስብ ምን እንደሚከተል በሒሳብ እንየው። አንድ ማኅበር በመዝገብ 1,400 አባላት አሉት እንበል፤ ባለፉት ሦስት ወራት የቆጠቡት 620 ናቸው። ምልዓተ ጉባኤው ከግማሽ በላይ ከሆነ 701 ሰው ያስፈልጋል። የሚቆጥቡት አንድም ሳይቀር ቢመጡ እንኳ 81 ሰው ይጎድላል። አሁን 300 አዲስ ስም ተመዝግቦ፣ ጉርሻው ተከፍሎ፣ ከነዚያ 60ዎቹ ብቻ ቢቆጥቡ፣ የሚያስፈልገው 851፣ ያለው 680፣ የሚጎድለው 171 ይሆናል። ያ ማኅበር ሪፖርቱ ላይ አድጓል፤ ጉባኤ መጥራት ግን ከቀድሞው የባሰ ከብዶታል። ትርፍ የሚያከፋፍለውና ቦርዱን የሚሽረው ጉባኤው ነው፤ የተኙ ስሞች በበዙ ቁጥር ይህ ሁሉ ይታሰራል።

አባል ማስገባትና አባል ማቆየት ሁለት ሥራ ነው። የመጀመሪያው የአንድ ጠዋት ሥራ ነው። ሁለተኛውን ሙያ የምንለው ሊለመድ፣ ሊሻሻልና ለሌላው ሊተላለፍ የሚችል አሠራር ስላለው ነው። እንደምንሠራው እንግለጸው።

አባል መጥፋቱ በመዝገብ የሚታየው በዓመቱ መጨረሻ ነው፤ የሚጠፋው ግን ባብዛኛው በመጀመሪያዎቹ 90 ቀናት ነው። በ7ኛው ቀን ስልክ ይደወላል፤ ደብተሩ ደረሰህ ወይ፣ ስምህ እስከ አያትህ ልክ ተጽፏል ወይ፣ ይኸው ነው። በ30ኛው ቀን ሁለተኛው ቁጠባ መግባቱ ከመዝገብ ይታያል፤ ያልገባለት ሰው ሱቁ ወይም ቤቱ ድረስ ይጠየቃል። በ90ኛው ቀን ስለ ብድር ይነገረዋል፤ ስንት ወር መቆጠብ እንዳለበት፣ የቁጠባውን ስንት እጥፍ መጠየቅ እንደሚችል፣ ዋስ ማን ሊሆን እንደሚችልና ማን እንደማይችል። ከሦስቱ የሚዘለለው ሁልጊዜ 30ኛው ቀን ነው። መንገድ ያስኬዳል፣ ቁጥር ግን አይጨምርም።

የሚበላሽበትን ቦታም እናውቀዋለን። ፎርማችን ላይ «ዕጣ» የሚል ቃል አለ። ለሕጉ ትክክለኛ ቃል ነው፤ ዕቁብ ለለመደ ሰው ግን ዕጣ የሚወጣ ነገር ነው። «አምስት ዕጣ ግዛ» ሲባል ከፍሎ የሚወጣበትን ቀን ይጠብቃል፤ ሳይወጣለት ሲቀር ተታለልኩ ብሎ ይቀራል። ስለዚህ ፎርሙ ከመሞላቱ በፊት «ይህ የቤቱ ድርሻህ ነው እንጂ ተራ የሚደርስህ አይደለም፤ ከቁጠባህም የተለየ ነው» ብሎ ማስረዳት ያስፈልጋል። ሦስት ደቂቃ ይፈጃል። በምዝገባ ብዛት የሚከፈለው ሠራተኛ እነዚያን ሦስት ደቂቃዎች አያጠፋም፤ አንፈርድበትም።

ወለድም እንዲሁ ነው። ቁጠባው ላይ ወለድ እንደታሰበለት በዓመቱ መጨረሻ ደብተሩ ላይ ያየ ሙስሊም አባል ገንዘቡን አውጥቶ ይሄዳል፤ ጎረቤቶቹንም ያስጠነቅቃል። ልክ ነው፣ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባ ነበር። ከወለድ ነፃ አሠራር በማኅበሩ ካለ በመጀመሪያው ቀን ተጠይቆ መልሱ ፎርሙ ላይ ይጻፍ፤ ከሌለም የለም ይባል። የአሁኑ ፎርም ለዚህ ጥያቄ አንድ መስመር እንኳ የለውም።

ሦስተኛው የመጥፊያ በር የብድር ክልከላ ነው። በአንድ ማኅበር አንዲት የጉሊት ነጋዴ ብድር ተከለከለች፤ ምክንያቱ አልተነገራትም። በወሩ እሷና 11 የጉሊት ጎረቤቶቿ ቁጠባቸውን አውጥተው ሄዱ። ነገሩ ሲጣራ የተከለከለችው ዋሷ የሌላ ሰው ብድር ዋስ ስለነበረ ብቻ ነው፤ ሌላ ዋስ ብታቀርብ በሳምንቱ ታገኝ ነበር። ክልከላ ሦስት ነገር ይዞ በጽሑፍ መውጣት አለበት፦ ምክንያቱን፣ አባሉ ሊያስተካክል የሚችለውን ነገርና እንደገና ማመልከት የሚችልበትን ቀን። ይህን ፊት ለፊት የሚነግረው ሰውም ያስፈልጋል፤ ያ ሰው የብድር ኮሚቴ አባል ባይሆን ይሻላል።

ለጠፋው ደግሞ ሌላ አሠራር አለ። መዝገቡ ከመጨረሻው የቁጠባ ቀን ተነሥቶ በሦስት ይከፈላል፤ ከ30 እስከ 60 ቀን፣ ከ60 እስከ 90፣ ከ90 በላይ። የመጀመሪያዎቹ በስልክ ይመለሳሉ። ሁለተኛዎቹ ጋ ሄዶ ቁጭ ማለት ያስፈልጋል። ሦስተኛዎቹን ለምን እንደጠፉ ጠይቆ መጻፍ፣ መውጣት የሚፈልገውንም ቁጠባውን መልሶ በክብር መሸኘት ይገባል፤ ስሙ ተንጠልጥሎ ምልዓተ ጉባኤ ከሚያጓድል በክብር የወጣ አባል ይሻላል፣ ሊመለስም ይችላል። በዚህ ሥራ ትልቁ ስህተት በገንዘብ መጀመር ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ «ለምን አልከፈልክም» ከሆነ ሰውየው ውዝፍ ሊጠየቅ መስሎት በሚቀጥለው ጊዜ ልጁን «አባባ የለም በል» ብሎ ይልካል። ገንዘብ ሰብሳቢ የሚል መታወቂያ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሠራተኛ ይህን ሥራ ሊሠራው አይችልም። በሩ ላይ ሲደርስ ሥራው ተበላሽቷል።

ስንት ሰው ያስፈልጋል የሚለውም በግምት የሚመለስ አይደለም። አንድ የመስክ ሠራተኛ በቀን 8 ሰው በደንብ ያነጋግራል። በወር 22 የመስክ ቀናት ቢኖሩት 176 ይሆናል። 1,400 አባላትን አንድ ጊዜ ለማዳረስ ስምንት ወር ሊፈጅበት ነው። ለ500 አባላት አንድ ሠራተኛ ከተመደበ ግን በየሩብ ዓመቱ አንድ ዙር ይደርሳል። የአሁኑ ምደባ ይህን ስሌት የሚያውቅ አይመስልም፤ ለሁሉም ማኅበር፣ ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ አንድ አንድ ሰው ነው የተሰጠው።

ሦስተኛው ቅሬታችን የጣት አሻራው ነው። መቆጣጠሪያ አያስፈልግም አንልም። ነገር ግን ማሽኑ የተቀመጠው ቢሮ ነው፣ ሰዓቱም የቢሮ ሰዓት ነው፤ 2፣ 6፣ 8 እና 11። ድሬዳዋ ውስጥ ከቀኑ 7 እስከ 10 ሰዓት በር ማንኳኳት ምን እንደሚመስል ለቦርዱ መንገር አይጠበቅብንም። አቦ፣ በዚያ ሙቀት ማን ይከፍታል? የጫት በርጫ ላይ የተቀመጠውስ ቢሆን የተባለውን ሁሉ እሺ ይላል፣ ነገ ግን አንዱንም አያስታውሰውም። የሚሠራበት ሰዓት ጠዋት ከ1 ተኩል እስከ 5፣ ከዚያ ደግሞ ከ10 ተኩል እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ነው። የቀፊራ ነጋዴ ሴቶች ዕቃቸውን ካራገፉ በኋላ ጠዋት ይገኛሉ፤ ደመወዝተኛው የሚገኘው ሲመሽ ነው። አርብ በጁምዓ ሰዓት፣ እሁድ ጠዋት በቅዳሴ ሰዓት ስብሰባ አይጠራም፤ በረመዳን ከአፍጥር በፊት ቀጠሮ አይያዝም። የ2 ሰዓቱ ፊርማ የጠዋቱን መጀመሪያ፣ የ11 ሰዓቱ ደግሞ የምሽቱን እምብርት ይበላል። ከከተማው ወጣ ብሎ መልካ ጀብዱ ያለ ሠራተኛ ለ6 ሰዓቱ ፊርማ ለመድረስ ሥራውን አቋርጦ ይነሣል፤ የባጃጁንም ከኪሱ ይከፍላል።

የተሻለ መቆጣጠሪያ አለ። የመስክ ሠራተኛው በየቀኑ የመስመር ቅጽ ይሞላል፤ ሰፈር፣ የደብተር ቁጥር፣ የተገኘበት ሰዓት፣ የተነገረውና የቀጣይ ቀጠሮ። አስተባባሪው በየሳምንቱ ከቅጹ ሦስት ስም በዘፈቀደ መርጦ ራሱ ይደውላል። ማሽኑ ሠራተኛው ቢሮ መድረሱን ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ይህኛው አባሉ ዘንድ መድረሱንም ያሳያል።

እሁድ በሚደረጉ ጉባኤዎች የምንሠራው ሰዓት «የማኅበራዊ ግዴታ» ተብሎ ሳይከፈል እየቀረ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሳምንታዊ የዕረፍት ቀን የተሠራ የትርፍ ሰዓት በመደበኛው የሰዓት ክፍያ ሁለት እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ቀን የተሠራው ሁለት ተኩል እጥፍ እንዲከፈል ያዛል። በወር 6,000 ብር የሚከፈለው ሠራተኛ በ208 ሰዓት ሲካፈል የሰዓቱ 28.85 ብር ገደማ ነው፤ የአንድ እሁድ 4 ሰዓት 231 ብር አካባቢ ይሆናል። ለጉባኤው ሻይና ዳቦ የሚወጣው ከዚህ ይበልጣል።

አራተኛው የውሉ ነገር ነው። ያው አዋጅ የሥራ ውልን ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጥረዋል፤ ለተወሰነ ጊዜ ወይም ሥራ ውል የሚደረገው በሕጉ በተዘረዘሩት ሁኔታዎች ብቻ ነው። ማኅበሩ እስካለ ድረስ አባል አለ፤ የአባል ሥራ ደግሞ ወቅት ጠብቆ የሚመጣ አይደለም። ሕጉን እንኳ ብንተወው አሠራሩ ራሱ አያስኬድም። የሙከራ ጊዜው 60 የሥራ ቀን ነው፤ በሳምንት 6 ቀን ለሚሠራ ሰው 10 ሳምንት ማለት ነው። የሦስት ወር ውል ያለው ሠራተኛ ከሙከራ ሲወጣ ሦስት ሳምንት ያህል ብቻ ይቀረዋል። በሁለተኛው ሳምንቱ የመዘገበውን አባል 90ኛ ቀን ሳያይ ውሉ ያልቃል። ሠራተኛው ከአባሉ ቀድሞ ይወጣል፤ ማን የማንን ቤት እንደሚያውቅ፣ ማን ከማን እንደተጣላ፣ የትኛዋ እናት ለስብሰባ ሰው እንደምትጠራ ይዞ ይሄዳል። ይህ በሲስተም ላይ የለም።

የምስክር ወረቀቱም እዚህ ላይ ይነሣል። አዋጁ አሠሪው የሠራተኛውን የሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመንና የደመወዝ መጠን የሚገልጽ ማስረጃ እንዲሰጥ ያዛል። ስድስት ዓመት ጉባኤ ያዘጋጀች፣ ቅሬታ የፈታች፣ አዲስ ተመራጭ ኮሚቴዎችን ያሠለጠነች ባልደረባችን የተሰጣት ወረቀት «በገንዘብ ሰብሳቢነት አገልግላለች» ይላል። መደቡ ስለተቀየረ የቀደሙት ዓመታትም በአዲሱ ስም ተጻፉ። በሌላ ድርጅት ለአስተባባሪነት ተወዳድራ በመጀመሪያው ማጣሪያ ወደቀች። ይህ ስህተት በአንድ ፊርማና ማኅተም ይታረማል።

ከዚህ ሁሉ በስተጀርባ ያለው ችግር ሥራችን መሰላል የሌለው መሆኑ ነው። የሒሳብ ሠራተኛ ወዴት እንደሚያድግ ያውቃል። የአባላት ጉዳይ ሠራተኛ ግን ማደግ ሲፈልግ ያለው ምርጫ ወደ ባንክ ወይም ወደ ረድኤት ድርጅት መሄድ ነው፤ ጎበዞቻችን የሄዱትም በዚያ ነው። አራት ደረጃ ያለው መሰላል እናቀርባለን። ጀማሪው ምዝገባን፣ ሦስቱን የክትትል ቀኖችና የደብተር ማስተያየትን ይችላል። ሁለተኛው ደረጃ ላይ ያለው የጠፉ አባላትን መመለስና የግለሰብ ቅሬታ መፍታት ይችላል። ሦስተኛው የጠቅላላ ጉባኤን ዝግጅት ከጥሪ እስከ ቃለ ጉባኤ ይመራል፤ አዲስ የተመረጡ ኮሚቴዎችንም ያሠለጥናል። አራተኛው የዩኒየኑ የአባላትና የማኅበረሰብ ተሳትፎ ኃላፊ ሲሆን በቦርድ ስብሰባ ላይ ድምፅ ሳይኖረው ሪፖርት ያቀርባል። ከደረጃ ወደ ደረጃ የሚወስደው የዓመታት ቁጥር ብቻ አይሁን። ፈተናው በተግባር ይሰጥ። ለምሳሌ ለሁለተኛው ደረጃ ብድር የተከለከለ የተቆጣ አባል በሁለት ቋንቋ ያስተናግድ፤ አሥር ስህተት የተደበቀበት የአባላት መዝገብ ይሰጠውና በአንድ ሰዓት ስንቱን እንዳገኘ ይታይ። አንደበተ ርቱዕነት ብቻውን አይበቃም፤ መዝገብ ማንበብ የማይችል አግባቢ ብዙ ጉዳት አድርሷል።

ሁለት ነገሮችን በአጭሩ እናንሣ። ቅጾቻችን፣ ደብተሮቻችንና የሚላኩት አጭር መልእክቶች በአማርኛ ብቻ ናቸው፤ ግማሹን ቀን ግን በኦሮምኛና በሶማሊኛ ነው የምንሠራው። ቋንቋ መቻል በቅጥሩ ማስታወቂያ ላይ «ተመራጭ» ይባላል፣ በደመወዙ ላይ ግን ዋጋ የለውም። ሌላው የአባላት መረጃ ነው። የመታወቂያ ፎቶዎች በግል ስልኮቻችን ላይ ተከማችተዋል፤ ቢሮው የሥራ ስልክ ስላልሰጠ። በአንድ ማኅበር ደግሞ ብድር ያዘገዩ አባላት ስም ዝርዝር በቴሌግራም ቡድን ተለጠፈ። ከዝርዝሩ ውስጥ ሁለቱ ቀደም ብለው ከፍለው ነበር፤ መዝገቡ ዘግይቶ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ ይህ የማሳፈር ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሕግ ጉዳይም ነው።

ዘንድሮ ስለተሰረዘው የሥልጠና በጀትም አንድ ነገር ብቻ እንበል። በ1844 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ሮችዴል የመጀመሪያዋን ሱቅ የከፈቱት 28 ሰዎች ባብዛኛው ድሆች ነበሩ። ማኅበራቸው ትንሽ ቆይቶ ከትርፉ በመቶ 2.5 ለትምህርት መመደብ ጀመረ። ዓለም አቀፉ የኅብረት ሥራ ጥምረት በ1995 እ.ኤ.አ. ካጸደቃቸው ሰባት መርሆች አምስተኛው ትምህርት፣ ሥልጠናና መረጃ ነው፤ ሰባቱ መርሆች በየቢሯችን ግድግዳ ላይ ተለጥፈዋል። የዘንድሮ በጀታችን ለዚህ ርዕስ ዜሮ ይላል፤ ለግድግዳው ቀለም ግን ተመድቧል።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

ገንዘብ መቀበልና ሒሳብ ላይ ማስፈር ከአባላት ጉዳይ ሥራ ይለይልን፤ ይህ እስኪሆን ድረስ ማንኛውም በመስክ የሚሰበሰብ ገንዘብ ሁለት ሰው ሳይቆጥርና ሳይፈርም አይንቀሳቀስ። ከአንዲቷ ባልደረባችን የተቆረጠው 1,200 ብርም ይመለስ።

በምዝገባ ብዛት የሚታሰበው ክፍያ ይቅር። መለኪያ ካስፈለገ ከተመዘገቡት ውስጥ በ90ኛው ቀን ሦስት ወር በተከታታይ የቆጠቡት ስንት ናቸው፣ በጉባኤ የተገኙት ስንት ናቸው፣ ከቀረቡት ቅሬታዎች በ15 ቀን ምላሽ ያገኙት ስንት ናቸው ይባል።

ለ500 አባላት አንድ የመስክ ሠራተኛ ይመደብ፤ በአንድ ዓመት ካልተቻለ ቅድሚያው ከግማሽ በላይ አባላቱ ለማይቆጥቡ ማኅበራት ይሰጥ።

የሦስት ወር ውሎች በሕጉ መሠረት ይስተካከሉ፤ የእሁድና የበዓል ሥራ ክፍያ ከመስከረም ጀምሮ ታስቦ ይከፈል፤ በተሳሳተ የሥራ ስም የተጻፉ የምስክር ወረቀቶች ይታረሙ።

የጣት አሻራው ለመስክ ሠራተኞች ቀርቶ በመስመር ቅጽ ይተካ። ለሦስት ወር ይሞከርና ውጤቱ ይታይ፤ ካልሠራ ማሽኑ የትም አይሄድም።

ቅጾች በሦስቱም ቋንቋዎች ይዘጋጁ፤ የወለድና የዕጣ ማብራሪያ ቦታ ይኑራቸው። ለእያንዳንዱ ማኅበር አንድ የሥራ ስልክ ይገዛ፤ በግል ስልክ ያለው መረጃ ወደዚያ ተዛውሮ ይጥፋ።

ያቀረብነው ባለ አራት ደረጃ መሰላል በመጪው ጠቅላላ ጉባኤ አጀንዳ ይያዝ። ረቂቁን፣ የፈተናውን ናሙናና የወጪ ስሌቱን አዘጋጅተናል፤ ቦርዱ በ30 ቀናት ውስጥ በሚወስነው ቀን ቀርበን እናስረዳለን። ቀኑ ከተቻለ አርብ ከሰዓት አይሁን።

ከአክብሮት ጋር፣

በድሬዳዋ የቁጠባና ብድር ማኅበራት
የአባላት ጉዳይና የመስክ ሠራተኞች

ግልባጭ፦
ለአባል ማኅበራት የቁጥጥር ኮሚቴዎች
ለማኅበራቱ አባላት በሙሉ (በየቢሮው ማስታወቂያ ሰሌዳ)